ጨው ውስጥ ያለው ውሃ (ጨው ስንል የምግቡን ሳይሆን እንደ ጄሶ ድንጋይ ያሉ ውሃ ያዘሉ ክሪስታሎችን ነው)፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጄሶ ሳቦካ ገና ግድግዳው ላይ ሳልለጥፈው ባልዲው ውስጥ ይጠነክርብኛል። ውሃ ባበዛ ይሻላል?

መልስ፦ አታብዛ፤ በኋላ ይፈረፈራል። ባልዲህን እየው፤ ከትናንቱ የቀረ ቅርፊት ካለ ጥፋቱ ከዚያ ነው። የጄሶ ድንጋይ ማለት ውሃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ወደ 150 ዲግሪ ሲሞቅ ከውሃው ሦስት አራተኛውን ይለቃል፤ ስታቦካው ያንኑ መልሶ ወስዶ ክሪስታል ይሠራል። አሮጌው ቅርፊት ለአዲሱ እንደ እርሾ ሆኖ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ዕቃውን በደንብ እጠብ። ለ1 ኪሎ ጄሶ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀድመህ አድርግ፣ ዱቄቱን በላዩ በትን፣ ጠጥቶ ሲሰምጥ አማስል። መያዝ ከጀመረ ውሃ ጨምሮ ማሸት ዋጋ የለውም፤ ድፋው። ለመለጠፍ ጊዜ የሚያጥርህ ከሆነ፣ መጠንከሩ እንዲዘገይ በውሃው ውስጥ ቁንጥር ሲትሪክ አሲድ አሟሟ። በነገራችን ላይ፣ የእጅ ቅርጽ ለማውጣት ብሎ እጅን ባልዲ ሙሉ ጄሶ ውስጥ መንከር አደገኛ ነው። ብዙ ጄሶ ሲጠነክር እስከ 60 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል፤ ያቃጥላል፣ እጅም ተይዞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለቲማቲም ቦርዶ ድብልቅ (ከመዳብ ጨውና ከኖራ የሚሠራ የሻጋታ በሽታ መከላከያ) ልሠራ ነው። መመሪያው ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌት (የመዳብ ጨው) ይላል፤ የሸጡልኝ ግን ነጭ ዱቄት ነው።

መልስ፦ ትንሽ ቆንጥረህ ውሃ ጠብ አድርግበት። ሰማያዊ ካልሆነ መልስላቸው። ከሆነ ውሃውን ያጣ ኮፐር ሰልፌት ነው። ከሰማያዊው ክብደት 36 በመቶው ውሃ ስለሆነ፣ በ100 ግራም ፋንታ 64 ግራም ነጭ ይበቃሃል። ይህን በ5 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ አሟሟ፤ ብረት ባልዲ መዳቡ ይለጠፍበታልና ተወው። በሌላ 5 ሊትር 100 ግራም የበረደ (ውሃ ጠጥቶ የጠፋ) ኖራ በጥብጥ፤ የመዳቡን ውሃ ወደ ኖራው እያማሰልክ ጨምር። ከመርጨትህ በፊት ንጹሕ ሚስማር ለአንድ ደቂቃ ንከርበት፤ ቀይ ከለበሰ ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ኖራ ጨምር። ለነገ አታሳድር።

ጥያቄ፦ የልብስ ሶዳ ክሪስታሌ ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ተበላሽቷል?

መልስ፦ የለም፤ ከ10 የውሃ ሞለኪውል 9ኙ ተነነ እንጂ። እንዲያውም በረታ። ሙሉ በሙሉ ዱቄት ከሆነ 43 ግራሙ የ100 ግራም ክሪስታል ሥራ ይሠራል። ክዳኑን ያጥብቁት።

ጥያቄ፦ ሲሚንቶ ባቦካን በጥቂት ደቂቃ ይጠጥራል።

መልስ፦ ውሃ ሳትጨምሩ ደግማችሁ አማስሉት። ከለቀቀ፣ ክሊንከሩ (ሲሚንቶ የሚፈጭበት የተቃጠለ ድንጋይ) ሲፈጭ ወፍጮው ከልክ በላይ ሞቆ አብሮት የገባው የጄሶ ድንጋይ ውሃውን አጥቷል ማለት ነው፤ ሥሩበት። ሞቆ ከጠነከረና አልለቅም ካለ ግን መጠንከሩን የሚያዘገየው ጄሶ አንሶታል፤ ለኮንክሪት አትጠቀሙበት።