አንዴ የሚታይ አንዴ የሚጠፋ ሃርድ ዲስክ፣ እና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ደረሰኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ካለ ሱቅ ለቤት የሚሆን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር «አዲስ ነው» ተብዬ ገዛሁ። አንዳንድ ጠዋት ሳበራው ሃርድ ዲስኩን አያገኘውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡት ዲቫይስ» ብሎ ቀጥ ይላል። አጥፍቼ ሳበራው ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ሻጩ ጋ ሁለት ጊዜ ወሰድኩት፣ እሱ ጋ ሲደርስ ደህና ነው። «መብራት ነው ያበላሸብህ፣ ደግሞ ደረሰኝህን አንብበው» አለኝ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። መብት አለኝ? (ከቦሳ)

መልስ፦ አለህ ወንድሜ። ያንተ ችግር ማስረጃው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ብልሽት ምስክር ፊት መታየት አይወድም።

ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ መብት ይሰጣል። ሁለት ወር ሆኖሃል። ግን መጀመሪያ የወሰድክለት መቼ እንደሆነ አልነገርከኝም፤ በ15 ቀኑ ውስጥ ከነበረና ያየ ሰው ካለ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ባይሆን እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለልህ። በቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ኃላፊ ነው። ጉድለቱን እንዳወቅክ ሳትዘገይ ማስታወቅ አለብህ፤ ካስታወቅክበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ክስ ለማቅረብ አንድ ዓመት አለህ፣ ቁጥር 2298። «አይመለስም» የሚለው ማኅተም ሐሳቡን የቀየረ ገዢን ይመልስ ይሆናል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ለሸጠ ሰው መጠለያ ይሆናል ብዬ ግን አልቀበልም፤ በተለይ እያወቀ ደብቆ ከሆነ።

አሁን ወደ ዋናው። ሻጩ «መብራት ነው» ማለቱ ሞኝነት አይደለም። የጅማን መብራት ዳኛውም ያውቀዋል፣ እሱም ቤት ይሄዳል ይመጣል። ስለዚህ ጉድለቱ ስትረከበው የነበረ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ያስፈልግሃል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ በመጣ ቁጥር በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸው፣ ከማብራቱ ጀምረህ፣ ሳታቋርጥ። ብዙ ጊዜ ጠዋት ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ ከሆነ የሚመጣው፣ ሻጩ ጋ በሞተር ተሸክመህ ሄደህ ሳይቀዘቅዝ ሲበራ ላይታይ ይችላል። እዚያው አሳድረውና ጠዋት አብረህ አብራው። ስታሳድረው ግን የሴሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት የመረከቢያ ወረቀት ሳትቀበል አትውጣ።

ሳጥኑን ራስህ አትክፈት! ሃርድ ዲስኩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ለማሽኑ መብራት የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ እየደከመ ሊሆን ይችላል፣ ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ኬብል ከሆነ በትንሽ ብር ያልቃል፤ ለዚያ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ካለ እኔ ጠበቃው አልሆንም። ግን ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የዋስትና ስቲከር ከተቀደደ ሻጩ «ነካክተህ አበላሸኸው» ይላል፣ መልስም አይኖርህም። ስለዚህ የሚከፍተው ሻጩ ራሱ ወይም ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ቴክኒሻን ይሁን፤ ያየውንም ጽፎ ይፈርምበት።

አንድ ነገር ግን ሳይከፈትም ይታያል። ሃርድ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ ይመዘግባል፤ ስማርት የሚባለውን መዝገብ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ማንኛውም የኮምፒውተር ልጅ ይጭንልሃል። ሁለት ወር ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቢሠራ እንኳ ወደ 1,440 ሰዓት ነው። መዝገቡ 9,000 ምናምን ካለ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልህ አሮጌ ነው ማለት ነው፣ የመብራት ወሬም እዚያው ያበቃል። ስክሪኑን ሴሪያል ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንሳ። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ ማታለል ይሆናል፣ ያኔ ፖሊስም ያገባዋል። ከዚያ በፊት ጣቢያ አትሩጥ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፋይሎችህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ ዛሬውኑ። ዲስኩን ያስለውጥልህ ይሆናል እንጂ የልጆችህን ፎቶ የሚመልስልህ ፍርድ የለም።

ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍለት፦ መቼ እንደገዛህ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ መቼ መቼ እንዳመጣህለት፣ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲጠግን፣ እንዲለውጥ ወይም ገንዘብህን እንዲመልስ። በሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርምልህ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዘህ እፊታቸው ስጠው፣ እነሱ ይፈርሙ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ነጋዴ የተፈረመ ወረቀት ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል። ካላለቀ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክት፤ እሱም ካልሆነ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውን በዚያው አስጽፈው።