ኦስካሩ መብላት ሲያቆም፦ መድኃኒቱን ከመጨመርዎ በፊት

ከሽምብጥ ሰፈር የጻፉልን ወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ 28 ሴንቲ ሜትር የደረሰው ኦስካር ዓሣቸው ከሰኞ ጀምሮ መብላት አቁሟል፤ ቀለሙ ጠቁሯል፤ ክንፎቹን ሰብስቦ በገንዳው ጥግ ጎኑን አዘንብሎ ይተኛል፤ ነጭ ክር የመሰለ ዐይነ ምድርም ታይቶበታል። ገንዳው 250 ሊትር ይይዛል። እሑድ ዕለት መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ስለነበር ፊልተሩን (የገንዳውን ውሃ ማጣሪያ) በቧንቧ ውሃ አጥበው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ውሃ ቀይረዋል። አሁን ከፋርማሲ የገዙትን ቴትራሳይክሊን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ይጨምሩ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

እባክዎ ለጊዜው አይጨምሩ። ከገለጹልን ነገር ሁሉ እኔ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለእሑዱ ዕለት ነው። በባህር ዳር ትልልቅ ዓሣዎችን ማሳደግ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ከእነዚህም አምስቱን ዓመት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ውስጥ የነበረውን ገንዳ ተንከባክቤያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓሣው ታመመ ተብዬ ከሄድኩባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ያገኘሁት የተበላሸ ውሃ ነው።

ጭንቀትና በሽታ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ከምግብ ይከለክላሉ፤ ሁለቱም ቀለም ያጠቁራሉ፤ ሁለቱም ጥግ ያስይዛሉ። እኔ የምለያቸው በአመጣጣቸው ነው። ጭንቀት ቀን አለው፤ ውሃ የተቀየረበት፣ ገንዳው የተነሣበት፣ አዲስ ዓሣ የገባበት ወይም ሌሊቱ የቀዘቀዘበት ቀን ተፈልጎ ይገኛል። በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ይገባና በአካሉ ላይ የሚታይ ምልክት ይተዋል። ኦስካር ደግሞ በተፈጥሮው አኩራፊ ዓሣ ነው። በገንዳው ውስጥ ያለው ድንጋይ ቦታው ሲለወጥ እንኳ አንድ ሁለት ቀን በጎኑ ተኝቶ የሚቆይ አለ፤ ስለዚህ መተኛቱ ብቻውን ብዙ አያስደንግጥዎ። ነጩ ክርም ሆዱ ባዶ ሆኖ በሰነበተ ዓሣ ላይ ይታያል።

አተነፋፈሱ ግን ብዙ ይናገራል። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍተው ከገንዳው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ቀርበው ከቆሙ ያይዎታል፤ አተነፋፈሱም ይለወጣል። ከዚያም የስንጥቡ (ዓሣው የሚተነፍስበት አካል) ክዳን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት በስልክዎ ሰዓት እየተከታተሉ ይቁጠሩ። አሁን ያለኝ ዓሣ በዕረፍቱ ጊዜ 40 ገደማ ይተነፍሳል፤ ከ70 ባለፈበት ቀን ሌላ ነገር ሳልነካ ውሃውን እመረምራለሁ። የእርስዎ ዓሣ ቁጥር የተለየ ሊሆን ስለሚችል ጤነኛ ሲሆን ቆጥረው መዝግበው መያዝ ይገባል። ሁለቱም ክዳኖች እኩል መንቀሳቀሳቸውንም ልብ ይበሉ፤ አንደኛው ተጣብቆ በሌላው ብቻ የሚተነፍስና ሰውነቱን ከድንጋይ ጋር የሚያሽ ዓሣ በስንጥቡ ውስጥ ጥቃቅን ትል ሊኖርበት ይችላል።

እዚህ ላይ ከተማችን ያለችበትን ከፍታ መርሳት የለብንም። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን መያዝ ሲችል እዚህ የሚይዘው 6.7 ገደማ ነው። ትንሽ ዓሣ ይህን ችሎ ይኖራል፤ አንድ ትልቅ ኦስካር በ250 ሊትር ውስጥ የአየር ፓምፑ ሲቆምበት ግን ቶሎ ይጨነቃል።

አሁን ወደ እሑዱ ልመለስ። በፊልተሩ ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ዓሣው የሚያስወግደውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጣሉ። እነርሱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ውሃው ለሰዓታት ቆሞ ሲቀር ይጎዳሉ፤ ሊሞቱም ይችላሉ። የተረፉትን ደግሞ የቧንቧው ክሎሪን ሊጨርሳቸው ይችላል። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይደረባል። ውሃው ለወራት በትንሹ ብቻ ሲቀየር የቆየ ገንዳ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ይሆናል) እየወረደ ስለሚሄድ በውስጡ የተከማቸው አሞኒያ አብዛኛው ብዙ በማይጎዳ መልክ ይቀመጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ አዲስ ውሃ ሲገባ ፒኤቹ ይነሣል፤ ከ7 ወደ 8 ሲወጣም መርዛማው ክፍል ወደ 10 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ እያለ ስንጥቡ የሚቃጠለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን የተማርኩት ዓሣ ገድዬ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በኅዳር ወር መብራት ከሌሊት እስከ ቀትር ጠፍቶ ነበር። ሲመጣ የተዘጋውን ፊልተር ሳልከፍትና በውስጡ የቆየውን ውሃ ሳልደፋ አስነሣሁት። ወዲያው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ቤቱን ሞላው፤ 31 ሴንቲ ሜትር የነበረው ዓሣዬም ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ጀመር። ኢንፌክሽን ነው ብዬ የቴትራሳይክሊን እንክብል እየፈታሁ ጨመርኩ። ውሃው ወደ ቢጫ ሄዶ አረፋ አወጣ፤ ከፊልተሩ ተርፎ የነበረውን ባክቴሪያም ጎዳሁት። በስድስተኛው ቀን ሞተ። የስንጥቡን ክዳን ገልጬ ሳየው ደማቅ ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ቡና አተላ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ናይትራይት ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም ሲያደርገው የሚታየው ቀለም ይህ ነው። መመርመሪያው ኪት በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ሁሉ ቀን አልከፈትኩትም።

ስለዚህ ዛሬውኑ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ፒኤችና የውሃውን ሙቀት ይለኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት የባህር ዳር ብርድ ማሞቂያ የሌለውን ገንዳ ከዚያ በታች ያወርደዋል። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ካገኙ በየቀኑ ከሩብ እስከ ሲሶ ውሃ ይቀይሩ እንጂ እንደ እሑዱ በአንድ ጊዜ አያብዙት። የሚገባው ውሃ አፉ ክፍት በሆነ በርሜል ውስጥ የአየር ፓምፕ እየሠራበት 24 ሰዓት የቆየ ወይም በሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑ የጠፋለት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ናይትራይት ከተገኘ በሊትር 1 ግራም ጨው በሌላ ዕቃ አሟሙተው ቀስ እያሉ ቢጨምሩ ወደ ደሙ የሚገባውን ይቀንስለታል። አየር ይጨምሩ፤ መብራቱን ያጥፉ፤ የገንዳውን ሦስት ጎኖች በጨርቅ ይሸፍኑ። ምግብ አይስጡ፤ በዚህ መጠን ያለ ጤነኛ ኦስካር አንድ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ በፊልተሩ ላይ የሚጫነው ቆሻሻም ይቀንሳል። በመረብም አያውጡት፤ ትልቅ ዓሣ በመረብ ውስጥ ሲወራጭ ቅርፊቱና ዝልግልግ ልባሱ ይላጣል፤ በዚያ ቁስል ፈንገስ ይገባል።

የውሃው ልኬት ንጹሕ ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ ያን ጊዜ በሽታ እንፈልጋለን። ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ፣ እንደ ጥጥ ያለ ነገር፣ ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ መቆም፣ ከዓይኑ በላይ በግንባሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ ጉድጓዶች መኖራቸውን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ጉድጓዶቹ ከነጩ ክር ጋር አብረው ከታዩ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሜትሮኒዳዞል የተባለውን መድኃኒት በምግብ መስጠት ነው፤ ቴትራሳይክሊን በዚያም ቦታ የለውም። ከሐይቁ የመጣ ትንሽ ዓሣ ከነሕይወቱ አብልተውት ከሆነም ይንገሩን፤ የመድኃኒት ምርጫው ስለሚለወጥ አይደብቁን።

አራቱን ልኬቶችና የአተነፋፈሱን ቁጥር ነገ ማታ ይጻፉልን። ሲሻለው መጀመሪያ የሚያዩት ዓይኑ እጅዎን መከተል መጀመሩን ነው፤ ቀጥሎ የጀርባው ክንፍ ይከፈታል። ያን ቀን ከአንድ የሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ ምግብ ይስጡት፤ ሌላው ለማግስቱ ይቆይ።