ክኒን በዝቶበት ሲወድቅ፦ ከአምቡላንስ ባለሙያ ጋር ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ አምቡላንስ ላይ የምሠራ ፓራሜዲክ ነኝ። የድብርት መድኃኒት ከመጠን በላይ ስለዋጠ ሰው የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው በዛ፤ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ወተት አጠጥተን እናስመልሰው?

ኧረ ተዉ! ወተቱም ይቅር፣ ጣት መክተቱም ይቅር። የደነዘዘ ሰው ሲያስመልሰው ትውከቱ ሳንባው ይገባል። 907 ደውሉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ የክኒኑን ማሸጊያ ባዶም ቢሆን ያዙልን። በስንት ሰዓት እንደዋጠውም ንገሩን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ቁጭ ብሎ ያወራል። ሆስፒታል የግድ ነው?

የግድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እንደሱ ያለው ነው፤ በተለይ የዋጠው አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ከሆነ። አሁን የሚያወራው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል። ይሄ ክኒን ለማይግሬንና ለነርቭ ሕመምም ስለሚታዘዝ፣ ድብርት የሌለባት እናታችሁ ኮመዲኖ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ እናንተ ከመጫን ሌላ ምን ታደርጋላችሁ?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። መጀመሪያ ትንፋሹን እናያለን፤ ካስፈለገ ኦክስጅን። ስኳሩን እንለካለን፤ ስኳር የወረደበትም እንዲሁ ይደነዝዛልና። የደም ሥር መስመር እንከፍታለን። ዋናው ግን የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚያሳየው ምርመራ፣ ኢሲጂ ነው። አሚትሪፕቲሊን ሶዲየም ወደ ልብ ሕዋስ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ስለዚህ የልብ ኤሌክትሪክ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ኪውአርኤስ የምንለው የመስመሩ ክፍል ይሰፋል። ከ100 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሊያንቀጠቅጠው፣ የልቡም ምት ሊዛባ ይችላል ብለን እንዘጋጃለን። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። ሶዲየም ይጨምራል፣ የደሙንም አሲድነት ይቀንሳል። ተሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ መስመሩ ሲጠብ አይቻለሁ፤ አይረሳኝም። ካንቀጠቀጠው ዳያዜፓም እንሰጣለን። ከዚያ ለሆስፒታሉ ቀድመን እንደውላለን፤ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ በሽተኛ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፍሉኦክሴቲንስ?

እሱም የድብርት መድኃኒት ነው፤ ብቻውን ከተዋጠ ይሻላል። ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተደባለቀ ግን ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ይበዛል፤ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቅበጥበጥ፣ የእግር መንዘር ይመጣል። ሲታሎፕራም የሚባለው ሌላው የድብርት መድኃኒት ደግሞ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ኢሲጂ ለሁሉም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። 911 ብደውል ፖሊስ ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

ሊመጣ ይችላል። ይምጣ! ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ትንፋሹ ከከበደው አንድ ደቂቃ አታባክኑ። ምልክት ሳይታይበት ምክር ከፈለጋችሁ የአሜሪካው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነፃ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ እህቴን ምን ብዬ ላናግራት?

አትቆጪያት፤ «ለምን?» የሚለው ይቆይ። «ሌላ የዋጥሽው አለ?» በያት፣ በተለይ ፓራሲታሞል። እሱ በመጀመሪያው ቀን ብዙም ምልክት ሳያሳይ ጉበት ይጎዳል። ማርከሻ አለው፤ ግን በጊዜ መሰጠት አለበት። ለእኔ ፈርታ የደበቀችውን ላንቺ ትነግርሽ ይሆናል። ብቻዋን አትተያት፤ የቀሩትንም ክኒኖች ከአጠገቧ አንሺ።