«እስክንድርያ ነኝ» ብል አያቴ ግብፅ የሄድኩ መሰላት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው። የልጄን ክርስትና መጥሪያ ካርድ በአማርኛ ሳዘጋጅ አድራሻው ላይ «እስክንድርያ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አያቴ ደግሞ በስልክ ሲነበብላት «ግብፅ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» አለችኝ። ስሙ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አያትዎ ልክ ናቸው። እርስዎም ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ ስሙ በሥሩ አንድ ነው። አማርኛ ውስጥ የገባው ግን በሁለት በር ነው፤ ያውም በብዙ መቶ ዓመታት ልዩነት።

የግብጿን ከተማ በሜዲትራንያን ዳር የቆረቆራት ታላቁ እስክንድር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት። በግሪክኛ እሱ አሌክሳንድሮስ፣ እሷ አሌክሳንድሪያ ናቸው። ዐረቦች ስሙን ሲሰሙ መጀመሪያው ላይ ያለችውን «አል» በእነሱ ቋንቋ ስም ላይ የምትለጠፈዋ «አል» አደረጓት። ውስጡ ያለው «ክስ» ደግሞ ተገልብጦ «ስክ» ሆነ። አል-ኢስከንደር፣ አል-ኢስከንደሪያ። «አል»ን ሲያነሷት የሚቀረው የእኛው እስክንድር ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የነገሠው ዐፄ እስክንድርም ስሙ ይኸው ነው።

የግዕዝ መጻሕፍት ሌላም መልክ አላቸው፤ «እለእስክንድሮስ» ይላሉ። ተማሪዎቼ ይህችን «እለ» ከእነ «እለ አጽብሐ» ጋር ያምታቷታል። አይገናኙም። የአክሱም ነገሥታት ስም ላይ ያለችው ራሷን የቻለች የግዕዝ ቃል ናት። ይህችኛዋ የግሪኩ «አሌ» ቅሪት ናት።

እስክንድርያ ለእኛ ሩቅ ከተማ አልነበረችም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በ4ኛው መቶ ዘመን የተሾሙት በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ ነው። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ የሚመጣልን ከዚያው መንበር ነበር። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1943 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ የሆኑት ደግሞ በ1951 ዓ.ም. ነው። እስቲ አስቡት፤ ለብዙ መቶ ዓመታት በቅዳሴውም በስንክሳሩም ሲጠራ የኖረ ስም ነው። አያትዎ «እስክንድርያ» ሲባሉ ግብፅ ብቻ ቢታያቸው ምን ይገርማል?

የእርስዎ ከተማ ታሪክ ሌላ ነው። የተቆረቆረችው በ1749 እ.ኤ.አ. በፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ስሟን ያገኘችው መሬቱን ይዞ ከነበረው የአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው፤ ስኮትላንዳዊ ዘር ነው። ትምባሆ የሚጫንባት ወደብ ነበረች። በኋላ ደግሞ፣ ከ1828 ጀምሮ፣ በዱክ ጎዳና ላይ ከአገሪቱ ትልልቅ የባሪያ ንግድ ድርጅቶች አንዱ ሰው እየገዛ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይልክባት ነበር። ስሟን የሰማነው ከእንግሊዝኛ ነው፤ የሰማነውም እዚያ የገቡት የእኛ ሰዎች ስልክ ሲደውሉ ነው። በቅዳሴ በኩል አልመጣችም። «አትናቴዎስ ዘእስክንድርያ» እንላለን፤ «ዘአሌክሳንድሪያ» ብሎ የቨርጂኒያ ሰው መጥራት ግን አፍ አይገባም።

እንዲህ የሆነው በዚህ ስም ብቻ አይደለም። በዮሐንስ ራእይ ያለችው ከተማ ፊልድልፍያ ናት። አሜሪካ ያለችውን ግን ሁሉም ሰው ፊላደልፊያ ይላታል። «ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም።

ሌሎች ዘመዶችም አሉ። ቱርክ ውስጥ፣ በዚያው በሜዲትራንያን ዳር ኢስከንድሩን የምትባል ወደብ አለች። አውሮጳውያን ቀድሞ አሌክሳንድሬታ ይሏት ነበር፤ ትንሿ አሌክሳንድሪያ ማለት ነው። ሰሜን ግሪክ ውስጥ ደግሞ አሌክሳንድሩፖሊ አለች። ይህችኛዋ ብዙ ሰው ታሳስታለች፤ ስሟ የታላቁ እስክንድር ሳይሆን በ1920 እ.ኤ.አ. በዙፋን ላይ የነበረው የግሪኩ ንጉሥ የአሌክሳንደር ነው። ሁለቱንም እንደ አገሬው አጠራር ይጻፏቸው።

እኔን የሚያናድደኝ የተገላቢጦሹ ነው። ዜና ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ሰዎች የግብጿንም «አሌክሳንድሪያ» ማለት ጀምረዋል። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ፓትርያርኩ የእስክንድርያ፣ የእግር ኳሱ ቡድን የአሌክሳንድሪያ ሲሆኑ አንብቤያለሁ። አንዲት ከተማ እኮ ናት! ስም ካለን ለምን እንደገና እንበደራለን?

ስለ አጻጻፉ፦ ለግብጿ «እስክንድርያ» በ«ር» ይሻላል፤ «ኢትዮጵያ» ብለን «ኢትዮጲያ» እንደማንለው። ለእርስዎዋ «አሌክሳንድሪያ» በ«ሪ» ይሁን፤ አጠራሩም እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ካርዱ ገና ካልታተመ «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ» ብለው ያስተካክሉት። ከታተመም ግድ የለም፤ ቨርጂኒያ የሚለው እስካለ ድረስ እንግዳ ካይሮ ላይ አይወርድብዎትም።