ሦስት ሴንሰር፣ አንድ ፒን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በትርፍ ጊዜዬ ኤሌክትሮኒክስ እነካካለሁ። ጣሪያችን ላይ ሦስት ሶላር ፓኔሎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰትን (ከረንትን) የሚለካ ባለ 20 አምፔር ኤሲኤስ 712 ሴንሰር ገጥሜያለሁ። ማወቅ የምፈልገው ጠቅላላውን አምፔር ነው። አርዱዊኖ ኡኖዬ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ሰሌዳ) ላይ ግን አንድ አናሎግ ፒን (ቮልት የሚያነብ እግር) ብቻ ነው የቀረኝ። የሦስቱን ሴንሰሮች የውጤት ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዤ ባስገባው ይደመርልኛል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይደመርልህም ወንድሜ፤ እንዳትጠመዝዘው። አንዱ ሴንሰር 3.1 ሌላው 2.9 ቮልት ሲል እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ፒኑ ላይ የምታነበው ቁጥር የማንም አይሆንም። ደግሞስ ቢደመር ኖሮ? እነዚህ ሴንሰሮች በ5 ቮልት ሲሠሩ ምንም ከረንት ሳያልፍባቸው እንኳ 2.5 ቮልት ይሰጣሉ። የሦስቱ 7.5 ሊሆን ነው። የኡኖ ፒን ደግሞ ከ5 ቮልት በላይ አይችልም። እንኳንም አልተደመረ!

ከእያንዳንዱ ውጤት አንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጣ፤ የሦስቱን ሌላኛ ጫፍ አንድ ላይ በይደህ ወደ ፒኑ ውሰድ። የምታገኘው አማካዩን ነው። ፓኔሎቹ 6፣ 4 እና 5 አምፔር ቢሰጡ ሴንሰሮቹ 3.1፣ 2.9 እና 3.0 ቮልት ያወጣሉ፤ አማካዩ 3.0። 2.5 ስትቀንስ 0.5 ይቀራል፤ በ3 ስታባዛው 1.5 ቮልት። ሴንሰሩ ለአንድ አምፔር 0.1 ቮልት ስለሚሰጥ 15 አምፔር፤ ልክ መጣ። ግን ኡኖ የሚለየው ትንሹ ለውጥ 5 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ፣ በ3 ስታባዛው ንባብህ በ0.05 ፈንታ በ0.15 አምፔር እየዘለለ ይሄዳል። የትኛው ፓኔል ላይ ጥላ እንደወደቀም አይነግርህም።

እኔ ብሆን ይህን ሁሉ አልደክምም። ፓኔሎቹ በፓራለል ከታሰሩ፣ ሦስቱ ፖዘቲቮች ተገናኝተው የባትሪውን አሞላል ወደሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር የሚሄደው ሽቦ አለ አይደል? ከረንቱ እዚያ ላይ ራሱ ተደምሮልሃል። አንዱን ሴንሰር እዚያ አስገባ፤ ሁለቱን ለሌላ ሥራ አስቀምጣቸው። በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተከታትሎ) ከታሰሩማ መደመርም አያስፈልግ፤ በሦስቱም የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው።

ጠቅላላው ወደ 20 አምፔር ከተጠጋ ባለ 30ውን ግዛ። እሱ ለአንድ አምፔር 66 ሚሊቮልት ነው የሚሰጠው፤ ኮዱን አስተካክል። ሽቦው ሴንሰሩ ላይ የሚታሰርበትን ብሎንም ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ ከላላ ይግላል። ዜሮውን ደግሞ በጭፍኑ 2.5 ነው አትበል፤ ማታ ፓኔሎቹ ምንም በማይሰጡበት ሰዓት የሚያሳይህን ቁጥር ያዝና ከሱ ቀንስ።