ትሉን አትጣሉት

ባለፈው ሳምንት ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥያቄ አነሳችብኝ። «ጋሼ፣ የወንዶቹ ዓሦች የዘር ፍሬ በጣም አንሷል። ውሃው ውስጥ ሆርሞን የሚያዛባ ኬሚካል አለ ብዬ ልጻፍ?»

«ሆዳቸው ውስጥ ትል ነበር?» አልኳት።

«ነበር፤ አውጥቼ ጣልኩት።»

ዝም አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ የድሬ ሙቀት አልነበረም።

ወጣት ሳለሁ ጣና ላይ ሠርቻለሁ። የነጭ ዓሣ ዘመድ የሆኑ፣ ጣት የሚያክሉ ዓሦች እንሰበስብ ነበር። ግማሹን ፍሳሽ ከሚገባበት ዳርቻ፣ ግማሹን ከሐይቁ መሃል። የዳርቻዎቹን ስከፍት ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ትል ይወጣል። አንዳንዱ ሆዱን ሞልቶ አንጀቱን አጣቦታል። ሊጉላ ይባላል፤ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። እኔ ትሉን ባልዲ ውስጥ እየጣልኩ የዘር ፍሬውን እመዝናለሁ። ታንኳ የሚቀዝፉልን አባት ባልዲውን አዩና «ልጄ፣ ይሄ የያዘው ዓሣ እኮ እንቁላል የለውም» አሉኝ። ሰማኋቸው። አልጻፍኩትም። የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

ጥፋቱን ሁሉ በፍሳሹ ላይ ጻፍኩ። ስህተቱ ሲታወቅ ደግሞ ስለ ፍሳሽ የተናገርነውን እውነት እንኳ የሚሰማን ጠፋ።

ሊጉላ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ የምትልካቸውን የመራቢያ ሆርሞኖች ያዳክማል። የዘር ፍሬው ሳያድግ ይቀራል። ከወሊድ መከላከያ ክኒን በሽንት አልፎ ወንዝ የሚገባው ሆርሞንም የሚነካው ይህንኑ መስመር ነው። በዓይን ሲታይ ይመሳሰላል። ደግሞ ትል የያዘው ዓሣ ወደ ዳርቻ፣ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል። እዚያ ወፍ ይበላዋል፤ ትሉም እንቁላል የሚጥለው በወፍ አንጀት ውስጥ ነው። መረቤ ዳርቻ ላይ ይይዝ የነበረው በሽተኛውን ነበር ማለት ነው። ልጅ ሆነን፣ ሐረማያ ሳይደርቅ፣ የውሃ ወፍ ለማየት ከሐረር እንሄድ ነበር። ከዓሣ በሽታ ጋር ያገናኛቸዋል ብሎ ማን ያስባል!

ሌላም ስህተት ነበረኝ። ዓሣውን ከነትሉ መዝኜ የዘር ፍሬውን ለዚያ ክብደት አካፈልኩ። ያነሰውን ይበልጥ አሳነስኩት።

በወንድ ዓሣ ደም ውስጥ ቪቴሎጄኒን፣ የእንቁላል አስኳል የሚሠራበት ፕሮቲን፣ በብዛት ካገኛችሁ ያኔ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የመሰለ ነገር ነክቶታል በሉ። የዘር ፍሬ ማነስ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም።

የዛሬ ልጆች ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ማሽኑ ትሮጣላችሁ። ዓሣ መንካት ይቀፋችኋል። ስልካችሁ ላይ መዋላችሁንም አልወደውም። ግን ያኔ ስልክ ኖሮኝ ያን ባልዲ አንድ ፎቶ ባነሳው ምን ነበረበት እላለሁ።

ትናንት ልጅቷ ደወለች። ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጡ፣ ገና ያልተከፈቱ ዓሦች አሏት። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንከፍታቸዋለን።