ሶፍቱ ለምን እጃችን ላይ ይሟሟል? ከልጆች ጋር ወረቀት ስለመንከር የላካችሁልን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የ5 እና የ8 ዓመት ልጆች አሉኝ፣ ቤት ሲውሉ ስልክ ላይ ብቻ ተጥደው እንዳይውሉ ብዬ ሶፍት አጣጥፈን የምግብ ቀለም ውስጥ ነከርን፣ ልንዘረጋው ስንል ግን ሟሙቶ እጃችን ላይ ቀረ፣ ትንሿ አለቀሰች። ከዛ የፎቶኮፒ ወረቀት ሞከርን እሱ ደግሞ ቀለሙን አልጠጣም አለ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው የነካው። ሌላ ቀለም ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ አትግዢ፣ ቀለሙ ምንም አላጠፋም ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ይሄን ደግሞ ብዙ እናትና አባት ስለሚሳሳተው ትንሽ ላስረዳሽ። ወረቀት ማለት እርስ በርሱ ተጠላልፎ የተኛ በጣም ቀጭን የእንጨት ጭረት ነው፣ ደረቅ ሲሆን ጭረቶቹ ተያይዘው ይቆማሉ ውሃ ሲገባባቸው ግን ይላቀቃሉ። የሽንት ቤት ሶፍት ጭራሽ ቱቦ እንዳይዘጋ ተብሎ ውሃ ሲያገኘው ቶሎ እንዲበታተን ነው የሚሰራው፣ ስለዚ የናንተው የሟሟው ማድረግ ያለበትን አርጎ ነው። የፎቶኮፒ ወረቀት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ቀለም እንዳይፈስበት ሲሰራ ውሃ የሚከላከል ነገር ይገባበታል፣ ለመጻፍ አሪፍ የሆነው ለመንከር ደግሞ የማይመቸው በሱ ነው።

አንቺ የምትፈልጊው ውሃ እየጠጣም የማይበታተን ወረቀት ነው፣ እሱም ወጥ ቤት እጅ የምንጠርግበት ኪችን ሮል ወይ ቡና የሚጠለልበት ነጩ ፊልተር ነው። ሁለቱም ርሰው እንዲቆዩ ተብለው የተሰሩ ናቸው፣ ፊልተሩ ይጠነክራል፣ ክብ ስለሆነ ደግሞ ሲከፈት አበባ ይመስላል።

አሰራሩ ቀላል ነው። አንዷን ቅጠል ኪችን ሮል እንደ ማራገቢያ ወደፊት ወደኋላ እያልሽ አጣጥፊ፣ ረጅም ቀበቶ ሲሆን ደግሞ ሶስት ማዕዘን እያረግሽ እስከ መጨረሻ ጠቅልይው፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዢው። በየኩባያው 2 ወይ 3 ማንኪያ ውሃ ላይ 10 ጠብታ አካባቢ ቀለም በቂ ነው፣ ውሃ ካበዛሽበት ሲደርቅ ይገረጣል። ከዛ ልጆቹ ጫፉን ብቻ ነክረው አንድ ሁለት ሶስት ቆጥረው ያውጡት፣ ሙሉውን ካስገቡት ነጭ ቦታ አይቀርም ነጭ ካልቀረ ደግሞ ቅርጹ አይታይም፣ ቀለሙ እኮ በጭረቶቹ መሀል ራሱ እየወጣ ይሄዳል እሱን ማየቱ ራሱ ደስ ይላል፣ የ5 ዓመቷ ልጅሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትመልከተው አታቻኩሊያት።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል፣ ሶስቱንም ቀይ ቢጫ ሰማያዊ አንዴ አታቅርቢላቸው፣ ሲገናኙ ጭቃ ነው የሚሆኑት ልጅ ደግሞ ያን ሲያይ ይከፋዋል። ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ስጫቸው፣ መሀል ላይ አረንጓዴ ሲወለድ ማንም ሳይነግራቸው ያገኙታል። ቢጫውን ቀድመው ይንከሩ ኩባያው እንዳይበከል።

የመጨረሻው እና ለኔ ዋናው፣ ወዲያው አትክፈቱት። በሁለት አሮጌ ወረቀት መሀል አርጋችሁ በመዳፍ ተጫኑት፣ ትርፉ ውሃ ይውጣ፣ ከዛ ሁለተኛውን እየሰሩ ይቆዩ። ሲከፈት ደግሞ የሰራችው ልጅ ትክፈተው፣ እባክሽ አንቺ እንዳትከፍቺላት፣ ትንሽ ቢቀደድም ይቀደድ፣ ያቺን ደቂቃ ነው ስትጠብቅ የቆየችው።

ጥያቄ፦ የምግብ ቀለም ቤት የለም፣ ወጥ ቤት ውስጥ ባለው ነገር አይሆንም? የ7 ዓመት ልጅ አባት ነኝ።

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ፣ እንደውም ሁለት የምወዳቸው አሉ። አንደኛው ማርከር ነው፣ በውሃ የሚለቀው አይነት (ቋሚው አይሰራም፣ በውሃ ንቅንቅ አይልም)። ፊልተሩ መሀል ላይ በጥቁር ማርከር ክብ ስራና መሀሉን ጠብ ጠብ እያረክ አርጥበው፣ ጥቁሩ ወደ ውጪ ሲሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሀምራዊ ቢጫ ምናምን ሆኖ ይለያያል፣ ምክንያቱም ጥቁሩ የተሰራው ከብዙ ቀለም ነው፣ አንዳንዱ ከውሃው ጋር ፈጥኖ ይሄዳል አንዳንዱ ወረቀቱን ይዞ ይቀራል። ክሮማቶግራፊ የሚባለው ይሄው ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥም ነገሮችን ለመለየት የሚጠቀሙበት።

ሁለተኛው ቀይ ጎመን ነው። ከትፈህ ቀቅለው፣ ወይን ጠጅ የሆነውን ውሃ አቀዝቅዘህ ወረቀቱን ንከርና አድርቀው፣ ከዛ ለልጁ አንድ ብሩሽ በሎሚ አንድ ብሩሽ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ስጠው። ሎሚው የነካው ሮዝ ይሆናል ሶዳው የነካው ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ። እርድም ይሰራል፣ ቢጫው ላይ ሶዳ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል፣ ግን እርድ ልብስ ላይ አይለቅም ስለዚ አሮጌ ቲሸርት ይልበስ። እነዚህ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛሉ፣ መስኮት ላይ ከምትለጥፈው ደብተር ውስጥ አስቀምጥለት። መቀቀሉን አንተ ስራ፣ ትኩስ ነገር የሱ ስራ አይደለም።

ጥያቄ፦ አያት ነኝ። የ9 ዓመት የልጅ ልጄ መንከሩ ሰለቻት፣ ከፍ ያለ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እናቴ፣ በመላጫ አረፋ ይሞክሩ። ትሪ ላይ አረፋውን የጣት ውፍረት ያህል ያንጥፉ፣ ቀለም ጠብ ጠብ ያድርጉበት፣ እሷ በስቴኪኒ ትሳብበት፣ ከዛ ወፍራም የስዕል ወረቀት ጫን አርጋ ታንሳ፣ አረፋውን በማስመሪያ ጠርጋችሁ ስታነሱት ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ቀርቶ እብነበረድ መስሎ ያገኙታል። አረፋው ቀለሙን ከላይ ይዞት ስለሚቆይ ነው። ሀሳቡ ጥንታዊ ነው፣ ቱርኮች ውሃ ላይ ቀለም አንሳፈው ወረቀት ያትማሉ፣ ኤብሩ ይሉታል፣ ዩኔስኮም በ2014 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መዝግቦታል፣ ጃፓኖችም ሱሚናጋሺ የሚባል የራሳቸው አላቸው። ለልጅቷ ይንገሯት፣ በዚ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ይወዳሉ።

ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን አረፋው እሱ በሌለበት ይሁን፣ ክሬም መስሎት አፉ ውስጥ ይከተዋል። የልብስ ማቅለሚያ ዱቄትም ለየትኛውም ልጅ አይስጡ፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። የምግብ ቀለም እጇ ላይ ቢቀር አይጨነቁ፣ በሳሙና እየታጠበ በጥቂት ቀን ይለቃል።